በየኔታ ኅሩይ ዳዊት መጨረሻ የተጻፈው የዊንዶውስ ቁጥር

ባለፈው ሳምንት የየኔታ ኅሩይ ልጅ እቴነሽ ወደ ሱቄ መጣች። ኮምፒውተር የምጠግንባት ይቺ ሱቅ ላሊበላ ውስጥ፣ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር ናት። እቴነሽ በነጠላዋ ጠቅልላ የያዘችውን ፈታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። የአባቷ ዳዊት ነው፣ ከነማኅደሩ። የኔታ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ብራናው ጠርዝ ጠርዙን መርገፍ ስለጀመረ ገጹን ሁሉ ፎቶ አንስቼ በኮምፒውተር እንዳስቀምጥላት ነበር የፈለገችው።

እጄን ታጥቤ ሁለት ቀን ሙሉ አነሣሁት። መጨረሻ ላይ ወዳለው ትርፍ ቅጠል ስደርስ ካሜራውን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። አምስት አምስት እየሆኑ የተደረደሩ ሃያ አምስት የእንግሊዝኛ ፊደላትና አኃዞች፣ በጥቁር ቀለም፣ በየአምስቱ መካከል ቀይ ነጥብ ገብቶባቸው። ስልኩን ሊያሠራ የመጣ አንድ ደንበኛዬ አንገቱን አስግጎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አስማት ነው?» አለኝ። «የዊንዶውስ ቁጥር ነው» ብለው አላመነኝም። እውነቱን ነው፤ እኔም ባላውቀው አላምንም ነበር።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ፈት ሆኜ ከእናቴ ጋር በተቀመጥኩበት ጊዜ ነው። ግቢያችን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ጋሽ ፍስሐ የሚባል አስጎብኚ ነበር። ለአብያተ ክርስቲያናቱ ጥገና መጥቶ የሰነበተ አንድ ወጣት ፈረንጅ ወዳገሩ ሲመለስ ኮምፒውተሩን ለሱ ትቶለት ሄደ። ለጌም ተብሎ የተሠራ ነው። ጎኑ መስተዋት ነው፤ ሲበራ ውስጡ ሰማያዊ መብራት ይለቃል፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ጋሽ ፍስሐ ግን ጌም አይነካም። እሱ መጽሐፍ ነበር የሚጽፍበት። ከካህናትና ከሽማግሌዎች አፍ ለዓመታት የለቀመውን የየደብሩን ታሪክ እያስገባ ነበር። ከነገሩት ሽማግሌዎች ግማሾቹ ያኔውኑ አርፈው ነበር፤ ጽሑፉም ከዚያ ኮምፒውተር በቀር ሌላ ቦታ አልነበረም።

ኅዳር ላይ ለረጅም ሥልጠና አዲስ አበባ ሊሄድ ሆነና ኮምፒውተሩን ለኔ አደራ ሰጠኝ። አደራ ደግሞ በኛ አገር ያለ ምስክር አይሰጥም፤ ስለዚህ ጎረቤታችን የኔታ ኅሩይ ተጠሩ። የኔታ የድጓ መምህርና ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ብራና ዳምጠው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ዳዊት የሚጽፉ ሰው።

«ጌሙን እንደልብህ ተጫወት» አለኝ ጋሽ ፍስሐ። «ሁለት ነገር ብቻ። ሰማይ ሲያጉረመርም ከሶኬቱ ንቀል። ደግሞ ይቺን ጠብቅ።» የኮምፒውተሩ ሣጥን ጎን ላይ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት አሳየኝ። «ዊንዶውሱ የተገዛ መሆኑ የሚታወቀው በዚች ቁጥር ነው። ኮምፒውተሩ ቢታመም ያለሷ አይድንም። ከሣጥኑ ትበልጣለች።»

የኔታ ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ከሣጥኑ የምትበልጥ ከሆነማ ሣጥኑ ላይ ብቻዋን ምን ትሠራለች?» አሉና ቀለምና ብርዓቸውን ሊያመጡ ሄዱ።

የቤተ ክርስቲያን መሬት፣ መስቀልና ከበሮ፣ ማን እንደሰጠው ጭምር፣ በወንጌሉ ትርፍ ቅጠል ላይ ሲጻፍ የኖረበት አገር ነው። ለየኔታ የሚጠበቅ ነገር ሁሉ የሚጻፍ ነገር ነበር። እንግሊዝኛ አንድም ፊደል አያውቁም። አንዷን ፊደል አይተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከዚያ ሥዕል እንደሚሥል ሰው ቀስ ብለው ያወርዷታል። ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። እኔ ጥግ ቆሜ ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን እነክስ ነበር። ዛሬ ትዝ ሲለኝ የማፍረው በዚያ ሳቅ ነው።

ከዚያ ገና መጣ። ገና ሲደርስ ላሊበላ ቤቱን ለተሳላሚ ይለቃል። ከየአገሩ በእግሩ የመጣው ሰው እግሩን ታጥቦ፣ ያለችው ቀርባለት፣ መሬት ላይ ተነጥፎለት ያድራል። እናቴ ሳምንት ሲቀረው ጀምራ ቤቱን በአመድና በሎሚ ትፈትጋለች፤ ግድግዳ አይቀር፣ ማሰሮ አይቀር። ያን ዓመት ደግሞ ዐሥራ አራት ተሳላሚ ነበር ያደረብን። ሣጥኑ ከተሳላሚዎቹ ራስጌ፣ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ እንደ ብርጭቆ ጸድቶ ማደሩ ትዝ ይለኛል። ለምን እንደዚያ እንደጸዳ አልጠየቅሁም።

ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ በኳስ ጌሙ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ነበርኩ፤ ሁለት ለአንድ እየመራሁ። ከአሸተን ተራራ በኩል ሰማዩ አጉረመረመ። ሰምቻለሁ። ይቺን ጨዋታ ልጨርስና እነቅላለሁ አልኩ። መብረቁ ሲወርድ ቤቱ ሁሉ ነጭ ሆነ፤ ሰማያዊው መብራት ጠፋ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሲጠይቁኝ ለሁሉም «መብረቅ መታው» አልኩ። ውሸት አይደለም። ሙሉው እውነትም አይደለም። ጋሽ ፍስሐ ለእንቁጣጣሽ ይመለሳል፤ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ የሚሉትን ያኔ ነው ያወቅሁት።

ያለችኝን አንዲት ጠቦት ሸጬ ሣጥኑን በጋቢ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ወልድያ ይዤው ወረድኩ። ጋሸና ላይ ጉሙ ከመስኮቱ ውጪ ምንም አያሳይም ነበር፤ የድልብን ቁልቁለት ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን፤ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከገብስ ቆሏቸው እያፈሱ መዳፌ ላይ ያደርጉልኛል። ወልድያ ላይ ሰይድ የሚባል ጠጋኝ አገኘሁ። ሣጥኑን ከፍቶ ብዙም አልቆየ።

«ማዘርቦርዱ ነው የተቃጠለው» አለኝ። ሁሉ ነገር የሚሰካበትን ትልቁን አረንጓዴ ሰሌዳ ነው የሚያሳየኝ፤ ሦስት ቦታ ጠቁሯል። «ዲስኩ ግን ደህና ነው። ወላሂ እድለኛ ነህ፤ ከዚህ ጋር የሚገጥም ሰሌዳ አንድ ከሞተ ኮምፒውተር ላይ አለኝ።»

ቀየረው፤ እኔም እያንዳንዷን ብሎን ስትፈታና ስትጠብቅ ቆሜ አየሁ። ሲበራ ግን ዊንዶውሱ እምቢ አለ። ሰይድ እንዳስረዳኝ፣ አዲስ ሰሌዳ ሲገባ ቤቱ የተቀየረ ይመስለዋል። ሲዲው ካለኝ፣ ጽሑፉን ሳይነካ እንደገና ይጠገናል፤ ግን መሐል ላይ ቁጥሩን ይጠይቃል። በኋላም ስልክ ተደውሎ ሰሌዳው መቀየሩ ለዊንዶውሱ ባለቤቶች መነገር አለበት። ቁጥሩን ሊያይ ሣጥኑን አዞረና ጣቱን ጎኑ ላይ አሳለፈ።

«እዚህ የነበረውን ማን ፋቀው?»

ጸድቶ ያደረው ሣጥን ዓይኔ ላይ መጣ።

«ካልሆነ ሁሉን አጥፍቼ በኔ ሲዲ ልጫንልህ። ቁልፉ የተሰበረ ዊንዶውስ ነው፣ ቁጥር አይጠይቅም፤ እዚሁ ያልቃል።»

«ጽሑፉስ?»

«እሱማ አብሮ ይሄዳል።»

ሣጥኑን መልሼ በጋቢው ጠቀለልኩት። ሰይድ አልተቀየመኝም፤ እያንዳንዱን እርምጃ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝና «ቁጥሩን ካገኘህ ራስህ ትሠራዋለህ» አለኝ። የዛሬው እንጀራዬ የተጀመረው በዚያች ወረቀት ነው፤ ሰይድ ባለበት ይመስገን።

ቤት ስደርስ እናቴን ጠየቅኋት። «የተላጠች ቆሻሻ ወረቀት ነበረች» አለች። «በሎሚ አልለቅ ስትለኝ በቢላ ፋቅኋት። እንግዳ እግሩን አጥቤ ዕድፍ ራስጌ ላስተኛው?»

የኔታ ለፍልሰታ ሱባኤ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ነበር። በማግስቱ በጭቃው መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ቅዳሴ እስኪወጣ ዋሻው በር ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ ከጣራው የሚንጠባጠበው ጸበል የድንጋይ ገበታው ላይ ጠብ ሲል ይሰማኛል። ወጡና በዝናብ የበሰበሰውን ልብሴን አዩ፤ ምንም ሳይጠይቁ የተነከረ ሽንብራ አንድ እፍኝ ሰጡኝ። በልቼ ስጨርስ ነገርኳቸው። ከትከሻቸው ማኅደሩን አውርደው ዳዊቱን ከመጨረሻው ገለጡ። ሃያ አምስቱም እዚያው ነበሩ።

እኔ ቁጥሩን ስገለብጥ እሳቸው ከሥር የጻፉትን አነበቡልኝ። «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን።» የሰረቀው፣ የፋቀውም፣ የተወገዘ ይሁን። በየመጽሐፉ መጨረሻ የሚጻፍ ልማድ ነው፤ እሳቸው ለዊንዶውሱም አልነፈጉትም።

ቤት ገብቼ ይህን ለእናቴ እንደ ቀልድ ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። ሞኝነቴ ነው፤ ለሷ ቀልድ አልነበረም። ሱባኤው ተፈትቶ የኔታ ሲመለሱ መጀመሪያ የሄደችው እሳቸው ዘንድ ነው። «አይዞሽ፣ አስተካክለዋለሁ» ብለዋት እንደተመለሰች ነገረችኝ። ማጽናኛ መሰለኝ፤ ለሷም እንደዚያው ሳይመስላት አልቀረም።

ጋሽ ፍስሐ ከኮምፒውተሩ ጋር የተወውን ሲዲ ከትቼ፣ ሰይድ በጻፈልኝ መሠረት ቁጥሩን አስገባሁ፤ ተቀበለኝ። የጋሽ ፍስሐ ጽሑፍ አንድም ገጽ ሳይጎድል ተገኘ። የቀረው ስልኩ ነበር። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ረጅም የአኃዝ ሰልፍ ገልብጬ የኔታን ይዤ ቴሌ ሄድኩ፤ እኔ ስናገር መልሱን የሚጽፍልኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ተቆርጦ በሦስተኛው አንዲት ሴት አነሣች። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ አኃዞቹን አነበብኩላት። ሰሌዳው ለምን ተቀየረ አለችኝ። መብረቅ አልኩ። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ቀጠልኩ፦ ንቀል ተብዬ እንደነበር፣ መስማቴን፣ በጌም እየመራሁ ስለነበር አለመንቀሌን። አጠገቤ ያሉት እንግሊዝኛ አይሰሙም ብዬ ነው የደፈርኩት። ሴትዮዋ በለሆሳስ የመልሱን አኃዞች ትቆጥርልኝ ጀመር። እኔ በአማርኛ እጠራለሁ፣ የኔታ በግዕዝ አኃዝ ይጽፋሉ። ዜሮ ስል ብርዓቸውን አነሡ። «እሱ በኛ የለም» አሉኝና ነጥብ አደረጉበት።

ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱ ላይ ቆም አሉ።

«ለዚያች ለማታውቃት ሴት የነገርካትን ለፍስሐም ንገረው።»

«እንግሊዝኛ ይሰማሉ እንዴ የኔታ?»

«አልሰማም ልጄ። ጥፋቱን የሚናገር ሰው ድምፁ ግን በሁሉም ቋንቋ አንድ ነው።»

ጋሽ ፍስሐ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ገባ። ኮምፒውተሩ ሰማያዊ እያበራ ጠበቀው። ዝም ብል አያውቅም ነበር። ነገርኩት። ብዙ ሳይናገር ጽሑፉን ከፍቶ ከላይ እስከ ታች አየ፤ ከዚያ ወንበሩን ወደኔ ገፋ አድርጎ «ተቀመጥ፤ የቀረውን አንተ ትጽፈዋለህ፣ እኔ እነግርሃለሁ» አለኝ። ስድስት ወር ጻፍኩ። ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ?

ዛሬ ቁጥር የተለጠፈበት ሣጥን ብዙም አይመጣልኝም፤ የዊንዶውሱ ፈቃድ ሰሌዳው ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚሠራው። ሰሌዳ የተቃጠለበት ሰው ደንግጦ ሲመጣ፣ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው የሚፈልገውን ሌላ ቦታ የጻፈለት ሰው እንዳለ ነው። አብዛኛው የለውም። እኔ ግን እየሳቅሁበት የጻፈልኝ ሰው ነበረኝ፤ ይህን ሳስብ የማመሰግንበት ቃል ያጥረኛል።

ያነሣሁትን የመጨረሻ ቅጠል በስክሪኑ ላይ ሳጎላው ነው፣ በዓይኔ ያላየሁትን ያየሁት። ከግዝቱ ሥር፣ በጣም ቀጭን በሆነ ጽሕፈት፣ ሌላ ጊዜ የተበጠበጠ በሚመስል ቀለም፣ አንድ መሥመር ተጨምሯል፦ «ዘእንበለ ወለተ ሐና፣ እስመ በእንተ ነግድ ፈሐቀቶ።» ወለተ ሐና የእናቴ የክርስትና ስም ነው። ከወለተ ሐና በቀር፤ እሷ የፋቀችው ስለ እንግዳ ብላ ነውና።

ማታውን ላፕቶፑን ይዤ እናቴ ዘንድ ሄድኩና አነበብኩላት። ጆሮዋ ደከም ብሏል፤ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ጉልበቷን በመዳፏ አሻሸች።

«ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ በየቀኑ አርባ አርባ ሰግጃለሁ፤ ለማንም አልነገርኩም» አለችኝ። «ለካ ያኔውኑ ፈትተውኝ ኖሯል።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ስግደት ትርፍ ሆነ ማለት ነው?» አልኳት።

«ስግደት መቼ ትርፍ ይሆናል» አለች። «ለሳቸው ነፍስ ይሁንላቸው።»