ጥቁሯ ሴትዮ ምን አለች?

የእህቴ ልጅ ስልኳን አፍንጫዬ ድረስ አስጠግታ የአንድ አዲስ አክሽን ፊልም ማስታወቂያ አሳየችኝ። አንዲት ጥቁር ሴት በሁለት እጇ ሽጉጥ ይዛ ወንዱን እንደ ቅጠል ታረግፈዋለች።

«አየሽ አክስቴ፣ ዘመኑ ተቀየረ!»

እኔ ግን ትዝ ያለኝ በልጅነቴ ጊደር መጋላ ገበያ አጠገብ የነበረው ቪዲዮ ቤት ነው። መስኮቱ በወታደር ብርድ ልብስ ተሸፍኖ ቤቱ ላብ ላብ ይሸታል። ከቴሌቪዥኑ ጎን የቆመው አስተርጓሚ እንግሊዝኛውን በአማርኛ ይነግረናል። ይዘውኝ የገቡት ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ነበሩ፤ በጦር ሜዳ ነርስነት ያገለገሉ ጡረተኛ።

በፊልሙ ውስጥ የነበረችው አንዲት ጥቁር ሴት ተመትታ ወደቀች። የጀግናውን እጅ ይዛ ብዙ ተናገረችና ሞተች። አስተርጓሚው ዝም አለ።

«ምን አለች?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ምንም አላለችም እትዬ፤ መሞቷ ነው።»

«አፏ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ! እኔ የስንቱን ሟች ቃል ለእናቱ ያደረስኩ ሰው ነኝ። ካሴቱን መልስና ንገረን!»

«እትዬ፣ ድብድቡ አመለጠን እኮ!» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው እጄን ለቀው ብቻቸውን ወጡ፤ እኔ ድብድቡን እስከ መጨረሻው አየሁ።

የእህቴ ልጅ ጭብጨባዬን ትጠብቃለች። ማስታወቂያውን ደግሜ አየሁት። ሴትዮዋ ከሟችነት ወደ ገዳይነት ተሹማለች፤ ከፎቅ ትዘላለች፣ መኪና ታጋያለች፣ አንድ ቃል ግን አትተነፍስም።

«እሺ፣ ምን አለች?» አልኳት።

«ኧረ አክስቴ፣ አክሽን እኮ ነው!» ብላ ሳቀች።