አንድ ሰው ብቻ የሚጭነው ሞተር

ሐሙስ ጠዋት የሞተራችን የዓመት ምርመራ ቦሎ ተለጠፈልን። ትንሽ ወረቀት ናት፤ መዳፌን እንኳ አትሞላም። መርማሪው በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ለጠፋትና «በቃ፣ ሂዱ» አለን። እኔ ግን መሄድ አቃተኝ። የምሠራበት ጋራዥ ባለቤት ጋሽ ይስማው «ባንቺ፣ ሰውየው ሐሳቡን ሳይቀይር ውጪ» ብለው በክርናቸው ጎሸም ባያደርጉኝ እስካሁን ወረቀቷን እያየሁ እዚያው በቆምኩ ነበር። ከዚያ ወጥቼ እስከ ጋራዡ ድረስ ሮጥኩ። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ ዘይት የጠገበ ቱታ ለብሳ በፍኖተ ሰላም ዋና መንገድ ስትሮጥ ማየት የተለመደ አይደለም፤ የባጃጅ ሾፌሮች «ምን ሆነች?» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ምን እንደሆንኩ ይኸው እጽፈዋለሁ። ያቺ ወረቀት ባትለጠፍ ኖሮ የከተማ ኑሮዬ አብቅቶ ነበር።

ከአገሬ መውጣቴን ስደት ስል አውሮፕላን የሚጠብቅ ካለ ይቅርታ ይደረግልኝ። የኔ ስደት በአይሱዙ ነው፤ ከፈረስ ቤት በላይ ካለው ቀበሌያችን እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ድንች ጆንያ ላይ ተቀምጬ። መንገዱ ግማሽ ቀን አይሞላም። ግን ከደጋ ወርዳችሁ ቤት የተከራያችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፣ ርቀቱ በሰዓት አይለካም።

የወጣሁ ዕለት ገና ጎሕ ሲቀድ አራት ሰዎች የአባቴን ሞተር ተሸክመው ጆንያው ላይ አወጡት። አባባ ለብዙ ዓመት የእንስሳት ክትባት ሠራተኛ ነበሩ፤ መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ሞተሮችን ሲያስወግድ የሚነዱትን ራሱን ገዙት። ከዚያ ሞተሩ አንድ ቀን ጠፍቶ ቀረና ጭድ ቤት ገባ። ዶሮዎቻችን ጫጩት የሚፈለፍሉት መቀመጫው ላይ ነበር። እኔ ፍኖተ ሰላም ወርጄ መካኒክነት ልማርና እሱንም ልሥራው ስል ዘመድ ሁሉ ሲስቅ አባባ አልሳቁም። ገመዱን ራሳቸው አጥብቀው አሰሩና እንዲህ አሉኝ፦

«ውሰጅው። እስከ ፋሲካ ግን ወይ እሱ በጎማው ይመጣል፣ ወይ አንቺ በእግርሽ ትመጫለሽ።»

እማዬ የገብስ ዳቦ በነጠላዋ ጠቅልላ ጉያዬ ውስጥ ከተተችልኝና አይሱዙው ሳይነሣ ፊቷን አዞረች።

ፍኖተ ሰላም ስደርስ መጀመሪያ የገጠመኝ ሙቀቱ ነው። እኛ አገር ፀሐይ ወጥታም ሰው ጋቢውን አይጥልም፤ እዚህ ሌሊት አንሶላ እንኳ ይከብዳል። የመጀመሪያውን ማንጎ ከነልጣጩ እንደ ተቀቀለ ድንች ገመጥኩት፤ የሸጠችልኝ ሴትዮ እስካሁን ስታየኝ አፏን ትይዛለች። የጤፉ እንጀራ ደግሞ ስስ ነው፤ የእኛ የገብስ እንጀራ አንዱ ሲያጠግበኝ የዚህን ሦስት በልቼ ሆዴ «ታዲያ ምሳው መቼ ነው?» ይለኛል። ሰውም ሰላምታው አጭር ነው። እኛ ዘንድ ላሚቱ ወልዳ እንደሆነ ሳይጠይቅ የሚያልፍ የለም። እዚህ «ሰላም ነው?» ይልና መልሱን ሳይሰማ ሄዷል። ላሚታችን ወልዳ ነበር፤ የምነግረው ሰው አጣሁ።

ቤት የተከራየሁት ከእትዬ ጥሩወርቅ ነው። ስንት ሆነሽ ነው የምትገቢው አሉኝ፤ ብቻዬን ነኝ አልኩ። ዓይናቸው ከኋላዬ የተደገፈው ሞተር ላይ አረፈ።

«እሱስ?»

«እሱ ውሃ አይጠቀም፣ ሽንት ቤት አይገባ፣ እትዬ።»

«ያንጠባጥባል» አሉ መሬቱን እያሳዩኝ። እውነታቸውን ነው፤ ደጃቸው ላይ ጥቁር ዘይት አፍስሶ ነበር። ትንሽ አሰቡና «መብራት ያበራል?» አሉ። መብራቱ ተሰብሯል አልኳቸው። «እንግዲያው የመብራት አልጨምርብሽም። ግን ሌላ ሞተር በእንግድነት አይመጣበትም» ብለው አስገቡን። ቁም ነገራቸውን ነበር።

ጠዋት ጠዋት ቴክኒክ እማራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ይስማው ጋራዥ እሠራለሁ። ጋራዡ ባጃጅ ነው የሚጠግነው። እኔን የተቀበሉኝ ጣቶቼ ቀጭን ስለሆኑ ነው፤ የሳቸው የማይገባበት ቦታ ይገባል። አንድ ቀን በስልኬ ያየሁትን ቪዲዮ አሳየኋቸው። መሪው ዝቅ ያለ፣ መቀመጫው ለአንድ ሰው ብቻ የሆነ፣ ከኋላው ክብ ጉብታ ያለው፣ ለመብረር ያጎነበሰ የሚመስል ሞተር።

«ካፌ ሬሰር ይባላል፣ ጋሼ። ድሮ እንግሊዝ አገር ወጣቶች ከአንዱ ካፌ ወደ ሌላው ለመሽቀዳደም አሮጌ ሞተራቸውን እየቆረጡ ይሠሩት ነበር።»

«ሻይ ለመጠጣት?»

«አዎ።»

ቀና ብለው መንገዱን አዩ። ፊት ለፊታችን ሁለት ሻይ ቤቶች ግድግዳ ይጋራሉ። «እኛ በእግራችን እንደርሳለን» አሉና ወደ ባጃጃቸው ተመለሱ። በማግስቱ ግን ማንም ሳይኖር ጠብቀው «እስቲ ያንን የሻዩን ሞተር ድገሚልኝ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ልቤ አልተቀመጠም። ክፍል ውስጥ ስለ ፍሬን ስማር እጄ ደብተሬ ላይ ጉብታ ይስላል። የአየር ማጣሪያውን ስንከፍት የዶሮ ላባ ወጣ። የፒስተኑን ፋሻ፣ ማለት ቀለበቶቹን፣ ቀየርን፤ ካርቡሬተሩን በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት፤ የኋላውን ብረት ቆርጠን አሳጠርነው። ጉብታውን ከላሜራ ቆርጬ የግራር ግንድ ላይ አድርጌ ስቀጠቅጠው ሦስት ጊዜ ተበላሽቶ በአራተኛው እሺ አለ። መቀመጫውን ለማሰፋት ቡሬ ድረስ ሄድኩ። እዚያ አያ ጌጡ የሚባሉ የበቅሎ ኮርቻ ሠሪ አሉ። ለሞተር ነው ስላቸው አልደነቃቸውም፤ ያመጣሁትን ልክ አይተው «ጀርባዋ ጠባብ ነው፣ ደህና ትመግቧታላችሁ?» ብቻ አሉኝ። ቀለሙን የቡሬ በርበሬ ቀይ አደረግነው። ፋሲካ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሞተሩ ተነሣ። ድምፁ ወፍራም፣ ልስልስ ያለ፤ ጋሽ ይስማው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው ሰሙት።

መንጃ ፈቃድ ስለሌለኝ ወደ አገሬ የነዱት ጋሽ ይስማው ናቸው፤ ያኔ ቦሎ ስላልነበረው በጊዜያዊ የሙከራ ፈቃድ ነበር። እኔ ከኋላ በአይሱዙ፣ ከሾፌሩ አጠገብ። ዋናውን መንገድ ለቅቀን ዳገቱን ስንጀምር መጀመሪያ ያየሁት አስቂኝ ነገር ነው። መሪው ዝቅ ያለ በመሆኑ ጋሽ ይስማው ጎንበስ ብለው ነው የሚነዱት፤ መንገድ ዳር የተቀመጡ ሽማግሌዎች እጅ የነሧቸው መስሏቸው ከተቀመጡበት እየተነሡ መልሰው እጅ ይነሣሉ። እኔና ሾፌሩ እስኪበቃን ድረስ ሳቅን።

ከዚያ አንዲት እናት ልጅ አዝለው ድልድዩ ጋ እጃቸውን አነሡ። ጋሽ ይስማው ቆሙ። እኛም ከኋላ ቆምን።

«እማማ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሚቀመጡበት የለውም» ሲሏቸው ሰማሁ።

ሴትየዋ ሞተሩን ዞረው አዩት። ጉብታውን በመዳፋቸው ነካ አደረጉ።

«ታዲያ ይኼ ያበጠው ምንድን ነው?»

ጋሽ ይስማው በእጃቸው ወደ እኛ ጠቆሟቸው። እኛ አይሱዙው ላይ አሳፈርናቸው፤ ያዘሉት የልጃቸው ልጅ ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ ሊያደርሱት ነበር። አጠገቤ ተቀምጠው «የማን ነው ሞተሩ?» ሲሉኝ የኛ ነው ለማለት አፈርኩ። አላውቅም አልኳቸው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ይኸው አሁን ጻፍኩት።

አባባ ሞተሩ ሲገባ ደጅ ቆመው ነበር። ዞሩት። አስነሡት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «ነፍስ ዘርታችሁበታል» አሉና ጋሽ ይስማውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ከዚያ ተቀመጡበትና እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደዱ። ጉብታውን ሲያገኙ እንደ በር አንኳኩት።

«ከኋላዬ ማን ይቀመጣል?»

«ማንም፣ አባባ። አሠራሩ እንዲህ ነው።»

ወረዱና ቀስ ብለው ነገሩኝ። በዚህ ሞተር ምጥ የያዛት ሴት አድርሰዋል፣ ቄስ አድርሰዋል፣ ጥጃ እንኳ አድርሰዋል። በዚህ መንገድ ኋላው ባዶ ሆኖ ሰው የሚያልፍ ሞተር ነድተው አያውቁም።

«እጅ ላነሣ ሁሉ እንቢ እያልኩ ልሂድ? ይህ ሞተር ገና አልመጣም፣ ልጄ።»

ፋሲካን እንዴት እንደዋልኩ አልናገርም። ዶሮው ተሠርቷል፣ ዘመድ ተሰብስቧል፤ እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ፍኖተ ሰላም ሆኜ ስመኘው የነበረው ብርድ አሁን አጠገቤ አለ፤ ጆሮዬ ደግሞ የጋራዡን መዶሻ ይፈልጋል። ተነሥቼ እስከ ወንዙ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። እማዬ «ይቺ ልጅ ምን ነክቷታል?» ስትል ሰማኋት። አባባን ለምኜ ተጨማሪ ጊዜ አገኘሁ፦ ክረምቱ እስኪገባ። ከዚያ በኋላ የለም።

ተመልሰን ሞተሩን ለቦሎው ምርመራ ወሰድነው። መርማሪው ሊብሬውን፣ የሞተሩን መታወቂያ ደብተር፣ አየ፣ ሞተሩን አየ፣ ደግሞ ሊብሬውን።

«ሁለት ሰው ይላል። ሁለተኛው የታለ?»

«ቆርጠነዋል» አልኩ።

«ሰውየውን?»

«ቦታውን።»

«እንግዲህ ቆርጣችሁ የጣላችሁትን ፈልጋችሁ አምጡ» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። ሁለት ተብሎ የተመዘገበ ሁለት ነው፤ ከዚህ በላይ ክርክር የለም። እየተበሳጨሁ ስወጣ ነው የገባኝ። አባባና እሱ ተያይተው አያውቁም፤ የጠየቁኝ ግን አንድ ጥያቄ ነው።

ጋሽ ይስማው አሮጌውን ረጅም መቀመጫ እንመልሰውና ምርመራውን ይለፍልን አሉ። እንቢ አልኩ። ያን ቅርፅ መተው አልቻልኩም፤ ሁለተኛ ሰው በማይጭን ሞተር ደግሞ ወደ ቤት መመለስ አልቻልኩም። ሦስት ቀን ተኮራረፍን። በአራተኛው ቀን ቡሬ ሄጄ አያ ጌጡ ደጅ ቁጭ አልኩ። ታሪኩን ሁሉ ሰምተው፣ እየሰፉ ከነበረው ኮርቻ ላይ ቀና ሳይሉ «ታዲያ ለምን በየዳችሁት? የሚፈታ ነገር አይበየድም» አሉ። በቅሎ ላይ ጭነት ሲኖር የሚታሰር፣ ሰው ሲኖር የሚፈታ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ለሳቸው ቀላል ነበር።

የኋላውን ብረት በአንድ ስንዝር ተኩል አስረዘምነው። ጉብታውን በእጅ በሚፈቱ ሁለት ብሎኖች አሰርነው። ከሥሩ አያ ጌጡ የሰፉት ሁለተኛ መቀመጫ አለ፤ የእግር መርገጫውም ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። አንድ ችግር ብቻ ቀረ፦ ሰው ሲጫን ጉብታው የት ይቀመጥ? ተሳፋሪው ይታቀፈዋል። ሌላ መላ የለውም።

ሐሙስ ጠዋት መርማሪው «ሁለተኛውስ?» ሲል ብሎኖቹን ፈትቼ ጉብታውን አነሣሁና እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ለሙከራ ራሱ ከኋላ ተቀመጠ። ጋሽ ይስማው ግቢውን ሁለት ጊዜ አዞሩት። ሰውየው ቀዩን ጉብታ እንደ ሙሉ ድስት ታቅፎ፣ ክራቫቱ ትከሻው ላይ ተጥሎ፣ በቁም ነገር ወደፊት እያየ። ሲወርድ «መጎርበጥ የለውም» ብሎ ጻፈ። የዛች ወረቀት ነገር ይኼው ነው።

ወዲያው አባባ ጋ ደወልኩ።

«ሁለት ሰው?» አሉ።

«ሁለት ሰው፣ አባባ።»

«እንግዲያስ እዚያው ሆነሽ ተማሪ» አሉ። «እዚያው ያልኩት አንቺን ነው፤ ሞተሩን ግን እሁድ አምጡልኝ።» ከዚያ ስልኩን ለእማዬ ሰጧት። እማዬ እልል አላለችም፣ አላለቀሰችም። እሁድ መምጣቴን ስነግራት «ለስንት ቀን ነው የምትቆዪው?» አለችኝ። መቆየት የምፈልገው የት እንደሆነ ራሴ አላውቀውም። ኔትወርኩ የተቋረጠ አስመስዬ ዝም አልኩ፤ እሷም ያወቀችብኝ ይመስለኛል፣ ስልኩን አልዘጋችም።

እና እሁድ ጠዋት እንሄዳለን። ጋሽ ይስማው በሞተሩ፣ እኔ ከኋላ በአይሱዙ፤ አይሱዙው ባዶውን ስለሚወጣ ሰፊ ቦታ አለ። በዚያ መንገድ አገር ያላችሁ፣ ከደጋ ወርዳችሁ እዚህም ቡሬም ቤት የተከራያችሁ፣ ከሄዳችሁ የቆያችሁም ትናንት የመጣችሁም፣ ኑ አብረን እንውጣ። ወፍራም ልብስ ያዙ። የጠራኋችሁ ለመሄዱ ነው፤ ስለ መመለሱ እዚያ ስንደርስ እያንዳንዳችን እናስብበታለን።