ከቀዩ ጭቃ ሥር የወጣው ጥቁር አፈር

ጥፍሬ ውስጥ የገባው ጥቁር አፈር ታጥቦም አልለቀቀኝም።

ዛሬ ንጋት ላይ ወላይታ ውስጥ ቦምቤ አካባቢ ኮረብታው ተንዶ የአክስቴን ቤት ከነእሷ ቀበረው። ቀኑን ሙሉ ስንቆፍር ዋልን። ሁሉም ቀይ ጭቃ ሆኖ ቤቱ የት እንደነበር እንኳ ጠፋን።

ከሰዓት በኋላ አካፋዬ ጥቁር አፈር አወጣ። ለከብቶቹ ሣር ሊያጭድ ወጥቶ የተረፈው ባሏ፣ "አካፋውን ተዉት! ዳርኳ ነው፣ በእጅ!" ብሎ ጮኸ።

እኛ ወላይታዎች ከቤቱ ጥግ ያለውን የጓሮ አፈር ዳርኳ እንለዋለን፤ እሱ ከተገኘ ቤቱ ቅርብ ነው። አክስቴ በየማለዳው እበት በጀርባዋ ተሸክማ እንሰቱ ሥር እየደፋች ያጠቆረችው ነው።

እዚያው አገኘናት። ትንፋሽ አልነበራትም።

ትናንት ሶዶ ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ "አዳም የሚለው ስም በዕብራይስጥ ከአፈር ጋር ይዛመዳል" እያልኩ ሳስተምር ነበር። የቃል ሊቅ ነኝ እኮ! ጫማዬ ላይ አቧራ እንኳ አልነበረም።

ዳርኳ የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ አላውቅም። አፈሩ ግን ከአክስቴ ጀርባ ነው የመጣው።

በእናንተስ ቋንቋ እንዲህ በሰው ድካም የተሠራ አፈር ስም አለው? ካለው፣ ከሠራችው ሴት ስም ጋር ጻፉልኝ።