ለእናት የተላከው ቪዲዮ፣ ለዩኒቨርሲቲው የገባው ፊልም

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ማን እንደሆንኩ ልናገር። ጌታሁን እባላለሁ። ከአጅማን እስከ ዱባይ ባለው አገር የእኔ ካሜራ ያልደረሰበት የሐበሻ ሠርግና ክርስትና ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። የካሜራውን መመሪያ መዝገበ ቃላት ይዤ ገጽ በገጽ አነበብኩት፤ ያልገባኝን ደግሞ ካሜራውን ራሱን ፈትቼ ተረዳሁት። የዛሬ ልጆች መሣሪያው የሚለካላቸውን ብርሃን እኔ በዓይኔ እለካለሁ። ጉራ ነው የሚለኝ ካለ ይበል፤ ያለኝን ነው የምናገረው።

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ሻርጃ ውስጥ ባለ አንድ የቪዲዮ ስቱዲዮ ነበር። እዚያ ማዕረጉ ከታች ሲጀምር ኬብል ያዥ፣ ከዚያ መብራት ያዥ፣ ሁለተኛ ካሜራ፣ መጨረሻ ላይ አንደኛ ካሜራ ነው። ባለቤቱን ሁላችንም «ሙዲር» ነበር የምንለው። ሕንዳዊ ነው። አንድ ጥቅል ኬብል ወረወረልኝና «ያላ!» አለኝ።

«እኔ ካሜራማን ነኝ» አልኩት።

«ዋላሂ? ኬብል መጠቅለል የሚችል ካሜራማን እስካሁን አላየሁም። እስቲ ጠቅልል።»

ጠቀለልኩ። እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ክርኔ ላይ ሳይሆን፣ አንዱን ዙር ወደ ውስጥ አንዱን ወደ ውጭ እያደረግኩ፣ ሽቦው ሳይጠማዘዝ። ሙዲር ጥቅሉን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። በሚቀጥለው ሠርግ ላይ ሁለተኛ ካሜራ ነበርኩ።

ሠርግ በሌለበት አርብ ሌላ ሥራ ነበረኝ። አርብ በየቤቱ የሚሠሩ እህቶቻችን እረፍት የሚወጡበት ቀን ነው። ለብሰው፣ ተኳኩለው አጅማን ባሕር ዳር ይመጣሉ፤ እኔ እቀርጻቸዋለሁ። እኛ «የደህና ነኝ ቪዲዮ» እንለዋለን። ልጅቱ አበባ ወይም ባሕር ጀርባዋ ላይ አድርጋ ለእናቷ «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ትላለች። በዝናብ ቀን ማደሪያቸው ድረስ እሄድ ነበር። በእኔ ቪዲዮ ላይ ተደራራቢ አልጋ፣ ከአልጋ ሥር የተወሸቀ ሻንጣ ወይም የተላጠ ግድግዳ ታይቶ አያውቅም። የት ብቆም ምን እንደሚደበቅ የማውቀውን ያህል የሚያውቅ አልነበረም።

ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ዱባይ ውስጥ ፊልምና ቴሌቪዥን ፕሮዳክሽን ለመማር ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ማሠልጠኛ እንዳስተምር ጠርቶኝ «ዲግሪህስ?» አለኝ። ዲግሪ የያዙ ልጆች ፎከስ ሲጠፋባቸው ወደ እኔ እንደሚደውሉ ብነግራቸው አልሰሙኝም። እንግዲያው ይምጣ ዲግሪው አልኩ። የክፍል ጓደኞቼ የልጅ ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው፤ «አንክል» ይሉኝ ነበር። እስከ መጨረሻው ተርም ድረስ ከማንም አላነስኩም።

በመጨረሻው ተርም ኮሮና መጣ። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ የዕቃ ክፍሉ ተቆለፈ፤ ትምህርቱ በኮምፒውተር ሆነ። ሠርግ ቀረ። ሙዲር ደውሎ ስቱዲዮውን ሊዘጋ መሆኑን ነገረኝ።

«የመኖሪያ ፈቃድህን ተርሙ እስኪያልቅ ልያዝልህ» አለኝ። «ከዚያ ኸላስ፣ አበቃ፣ ጌታሁን። እኔም ወደ አገሬ፣ ወደ ኬረላ ነኝ።»

ስለዚህ የመጨረሻውን ፊልም ከወደቅኩ የምደግምበት ዓመት አልነበረኝም። ያን ሁሉ ተምሬ ባዶ እጄን ወደ አገሬ መግባቴ ነበር።

የመጨረሻው ሥራ «የምትኖሩበትን ቦታ አሳዩ» የሚል አጭር ዘጋቢ ፊልም ነበር። መምህርታችን ዶክተር ሪማ የምትባል ዮርዳኖሳዊት ናት። እኔ የምኖረው አጅማን፣ አል ኑዓይሚያ ነው። ከደጄ ፊት ለፊት ባለው ፍላት ውስጥ ቤድ ስፔስ፣ ማለትም አልጋ ብቻ፣ የተከራዩ የእኛ አገር ሴቶች ነበሩ። አንዷ ትርንጎ ትባላለች፤ የጎጃም ልጅ ናት። ማዳሟ በሽታውን ፈርታ አሰናብታታለች። እናቷ ግን ልጄ አሁንም የራሷ ክፍል ባለው ትልቅ ቤት ውስጥ ናት ብላ ነው የምታምነው።

ትርንጎን በመስኮቱ ብርሃን አስቀመጥኳት፤ አልጋዎቹን በአበባማ አንሶላ ጋረድኩ፤ ከሥሩ የክራር ሙዚቃ አስገባሁበት። በጣም ያማረ ሥራ ነበር። ዶክተር ሪማ ለክፍሉ በሙሉ አሳየችው።

«ቆንጆ ነው፣ ሚስተር ጌታሁን። ይህች ሴት የት ነው የምትኖረው?»

«እዚያው ክፍል ውስጥ።»

«ክፍሉን አላየሁትም። ያየሁት የአንሶላ ማስታወቂያ ነው።»

ልጆቹ ማይካቸውን ዘግተው ነበር፤ ጥርሳቸው ግን ይታየኝ ነበር።

«ዶክተር፣ እርስዎ ከመወለድዎ በፊት ጀምሮ ይህንን ሥራ ሠርቻለሁ» አልኳት።

«ምናልባት ችግሩ እሱ ይሆናል» አለችኝ። «እንደገና ሥራ። እንዲህ ከመጣ አላሳልፍህም።»

ተናድጄ የኮምፒውተሬን ካሜራ ዘጋሁ። ሲበርድልኝ ተነስቼ የእነ ትርንጎን በር አንኳኳሁና ከአንሶላው በስተጀርባ ያለውን ልቅረጽ አልኳት።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት?» አለችኝ። «እማዬ ይህን አልጋ ካየች እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም።»

«ለመምህርቷ ብቻ ነው።»

«ለመምህርቷ ብቻ የሚባል ቪዲዮ የለም። ስልክ ውስጥ ከገባ የጎረቤት ልጅ ለእማዬ ያሳያታል።»

ከላይኛው አልጋ ላይ ጓደኛዋ ሰብለ አንገቷን ብቅ አደረገች። «ጋሼን አታስቸግሪያቸው እንጂ! በዚህ ዕድሜያቸው ከክፍል ሊባረሩ ነው። ወላጅ አምጡ ቢሏቸው ማንን ሊያመጡ ነው?»

ሁሉም ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ምንም ሳልቀርጽ ተመለስኩ።

ፋሲካ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያን ዝግ ነው፤ መሰብሰብ የለም። ትርንጎ ራሷ መጥታ «ለእማዬ የበዓል ቪዲዮ ይሥሩልኝ» አለችኝ። እሺ አልኩ። በሽታው ስለበረታ በዚህ ጊዜ ወደ ውስጥ አልገባሁም። ገመድ አልባ ማይኩን በአልኮል ጠርጌ ለሰብለ ሰጠኋት፤ ወንበሩ አጠገብ አስቀመጠችው። እስኪዘጋጁ በሩን ዘጉ፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ትራይፖዴን መትከል ጀመርኩ። ልማዴ ነው፤ ሁልጊዜ ድምፁን አስቀድሜ እከፍታለሁ፤ ካሜራው መጨረሻ ነው የሚከፈተው።

ሥራው አለቀና ቪዲዮው ተላከ። እቤቴ ገብቼ ድምፁን ሳዳምጥ ከቪዲዮው በፊት የተቀዳውን ሰማሁ።

«ሰብለ፣ እግርሽን ሰብስቢ፣ በአንሶላው ሥር ይታያል!»

«የት ላድርገው፣ ልቁረጠው?»

«ጉትቻሽን አውሺኝ።»

«ትናንት የእኔ ጉትቻ የገጠር ነው አላልሽም ነበር?»

«ዛሬ ለገጠር ነው የምልከው፤ አምጪ!»

ከዚያ ትርንጎ መለማመድ ትጀምራለች። «እማ፣ ደህና ነኝ። ማዳም እንደ ልጇ ነው የምታየኝ።» እንደገና ትለዋለች። ሦስተኛው ላይ «እማ» ካለች በኋላ ቃሉ አልወጣላትም። ረጅም ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ «ኸላስ፣ እንደገና» ትላለች።

ፊልሙ ይኸው ነበር። ካሜራው ላይ ደግሞ በሩ ከተከፈተ በኋላ ብርሃን ስለካ የቀረጽኩት ባዶ ወንበርና ከኤሲው ነፋስ ጋር የሚወዛወዘው አንሶላ አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ሳደርጋቸው አንድም አልጋ ሳይታይ ክፍሉ በሙሉ ታየኝ። በሙያ ዘመኔ እንደዚያ ያለ ነገር በእጄ ገብቶ አያውቅም። የማስረከቢያው ቀን ቀርቧል። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ያስገባው ነበር።

እኔ ኮምፒውተሬንና ማዳመጫዬን ይዤ በሩን አንኳኳሁ። ትርንጎ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ አዳመጠች። በጉትቻው ሳቀች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ማዳመጫውን አወለቀች።

«ይሄን እየቀዱ ነበር?»

«ለድምፅ ልኬት ነው የከፈትኩት። መቀዳቱን አሁን ነው ያወቅኩት።»

ማዳመጫውን መልሳ ሰጠችኝ። «ስሜ አይጠራ። ፊቴ አይታይ። ይቺን ሦስተኛዋን ደግሞ ያውጡልኝ።»

«ትርንጎ፣ ፊልሙ እኮ እሷ ናት።»

«አውቃለሁ። ለእማዬ ያልሰጠኋትን ለማላውቃት ሴትዮ አልሰጥም። ይቺን ከተዉ ሌላውንም አይንኩት።»

እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ እያየች ቆረጥኩት። የተቆረጠውን ቦታ በሌላ ድምፅ አልሞላሁትም። ሙዚቃም አላደረግኩበትም። አንሶላው ያለ ምንም ድምፅ እንዲወዛወዝ ተውኩት።

ፊልሙ በክፍሉ ሲታይ በዚህ ጊዜ ጥርስ አልታየኝም። ዶክተር ሪማ ጸጥ ካለው ቦታ ላይ አቆመችው።

«እዚህ ጋ ምን ነበር?»

«አንድ ድምፅ ነበር። የድምፁ ባለቤት መልሳ ወሰደችው።»

«አንተ ፈቀድክላት?»

«የእሷ ነው፣ ዶክተር።»

ጥቂት ጻፈችና «አልፈሃል» አለችኝ። ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣው ሐታ፣ ተራሮቹ መሀል የሚኖር ልጅ ነው፤ ተራራ ነው የቀረጸው። ተራራ ደግሞ አይንቀሳቀስም፤ ማንም ይቀርጸዋል።

ትርንጎን ደረጃው ላይ አግኝቻት እናቷ ስለ ቪዲዮው ምን እንዳለች ጠየቅኳት።

«መጋረጃው አምሯል አለች» አለችኝ። «ከዚያ ደግሞ፣ አንቺ ግን ለምን ከሳሽ?»

በዚህ ሙያ ላሉ ወጣቶች የምለው አንድ ነገር ነው። በማይክህ የገባ ሁሉ የአንተ አይደለም። ፊልሙን ከማስረከብህ በፊት ለተቀረጸው ሰው አሰማው፤ አውጣ ካለህ አውጣ።

ያሳካሁት ይኼ ነው። ያለ አስተማሪ ካሜራ ተምሬያለሁ። ከኬብል ተነስቼ አንደኛ ካሜራ ደርሻለሁ። ከልጅ ልጆቼ እኩዮች ጋር ተምሬ ዲግሪ ይዣለሁ። ለአንዲት እናት አልጋ የማይታይበት ቪዲዮ፣ ለዩኒቨርሲቲው ፊት የማይታይበት ፊልም ሠርቻለሁ፤ ሁለቱም ከአንድ ክፍል የወጡ ናቸው። በሕይወቴ ከቀዳሁት ድምፅ ሁሉ የሚበልጠውንም ከኮምፒውተሬም ከካርዱም ላይ አጥፍቻለሁ።