ፍሎራይድ በሁዳዴ

የጥርስ ሕክምና ለማጥናት ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት የቤታችን ሐኪም እኔ ሆንኩ። ክፍል ውስጥ ገና ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ነበር የምንማረው፤ እኔ ግን ቤተ መጻሕፍት ያነበብኩትን ሁሉ ይዤ ካዛንቺስ እገባለሁ። አንድ ቅዳሜ የታናሽ እህቴን አፍ በስልኬ መብራት ሳይ፣ የላይኛው የፊት ጥርሷ ላይ ወደ ድዱ ጠጋ ብሎ ጠመኔ የመሰለ ነጭ ነጥብ አገኘሁ። ጥርስ ሊቦረቦር ሲጀምር የሚታየው እንደዚያ ነው።

እህቴ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። የመብሻውን ማሽን ድምፅ አንድ ጊዜ ሰምታዋለችና ገና ነጥቡን ስነግራት እንባዋ መጣ። እናቴም ነገሩን አልናቀችውም። በልጅነቷ ሁለት የፊት ጥርሶቿን ስለተነቀለች እስከ ዛሬ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እኔም ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በሌዘርና በፍሎራይድ ይቆማል፣ አይበሳም ብዬ ቃል ገባሁ።

ኡራኤል አካባቢ ሌዘር ያለው ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሟ ጥርሱን በአየር አድርቃ አየችው። ገና ቀዳዳ ስላልሆነ ያጣውን ማዕድን መልሶ ሊይዝ ይችላል አለች። ሌዘሩን ለጥቂት ሰከንዶች አበራችበት፤ ከዚያም ፍሎራይድ ቀባችው። ሌዘሩ የጥርሱ ሽፋን አሲድ እንዲቋቋም ያግዛል፣ ነገር ግን ገና እየተጠና ያለ ዘዴ ስለሆነ ዋናው ሥራ ያለው ቤት ነው ስትል አስረዳችን። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለቴ ትቦርሽ፣ አረፋውን ትትፋ፣ በውሃ ግን አትጉመጥመጥ። እስከ ማታ ጠንካራ ምግብ እንዳትበላ ስትጨምር እናቴ አላስቻላትም።

«በቅበላ ቀን አትብላ ይሏታል ዶክተር? ነገ እኮ ሁዳዴ ይገባል።»

ሐኪሟ ሳቀችና ከፋሲካ በኋላ እንድንመለስ ቀጠረችን። ነጥቡ ከሻከረ ወይም ከተቦረቦረ ግን መብሳቱ አይቀርም።

ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት እህቴን መታጠቢያው ጋ አገኘኋት። ቦረሸች፣ ተፋች፤ ቀጥሎ አፏን በውሃ ሞልታ አራት ጊዜ ተጉመጠመጠች። የተባልሽው እንዲህ ነው ወይ ብዬ ተቆጣኋት።

«ከዋጥኩትስ? ጾሜ አይፈርስም?»

ለካ በቀን ሁለቴ የተባለውን በደንብ ስትጠብቅ ኖራለች፤ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት፣ ከዚያም ስትመለስ ምሳዋን ከመቅመሷ በፊት። ሁለቱም የጾም ሰዓት ናቸው፤ ፍሎራይዱ ሁለቴም በውሃ ይሄዳል። ያን ጠዋት እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ ተጉመጥምጬ ነበር፤ ክሊኒክ ውስጥም ስለ ጾሙ ሰዓት መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

መላውን ያገኘችው እናቴ ናት። ነገሩን ስነግራት ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም አዳመጠችኝ።

«ሐኪሟ ሁለቴ አለች እንጂ ጠዋት መች አለች? ዘጠኝ ሰዓት ከበላች በኋላና ስትተኛ ታድርገዋ። ጠዋት ውሃ ይበቃታል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደዚያ ሆነ። አረፋውን ትፍ አድርጋ አፏን ስትዘጋ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊቷን ታጨማድድ ነበር፤ በኋላ ለመደችው። እኔም በየሳምንቱ መጨረሻ ጥርሷን አድርቄ አየሁ፣ ለእናቴም ሪፖርት አቀረብኩ።

ከፋሲካ በኋላ ክሊኒኩ ስንመለስ እህቴ የወንበሩን እጀታ ጨብጣ ተቀመጠች። ሐኪሟ ጥርሱን በአየር አድርቃ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ መስታወቷን ለእኔ ሰጠችኝና ምን እንደሚታየኝ ጠየቀችኝ።

ነጭነቱ እንዳለ ነው፣ ጠመኔ መምሰሉ ግን ቀርቷል፣ እንደ ሌላው ጥርስ ያብለጨልጫል አልኳት።

«ቆሟል ማለት ነው፤ አይበሳም» አለች።

እህቴ እጀታውን ለቀቀች። ወንበሩ እስኪወርድ እንኳ ሳትጠብቅ ተነሥታ፣ አሁንስ ጠዋት መቦረሽ ይቻላል ወይ ብላ ሐኪሟን ጠየቀቻት። እኔ ቀደምኩ።

«ቦርሺ፤ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለም።»

ሐኪሟም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀችና መስታወቷን ከእጄ ተቀበለች።