እጅሽን ሰብስቢ ያልኳት ተማሪ

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተማሪዬን «እጅሽን ሰብስቢ» አልኳት። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የማስተምረው ከእንጦጦ ግርጌ ባለ ሆስፒታል፣ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ ነው። ለልምምድ የሚመጡልኝ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች መቀመጥና መቆም እንደገና ያለማምዳሉ። ትምህርቱን አሳምረው ያውቁታል። የሚያስቸግረኝ አስተዳደጋቸው ነው። ሽማግሌ ሲነሳ ብብቱን ይዞ የማያነሳ ልጅ ባለጌ ነው ተብለው አድገዋል፤ እኔም እንደዚያው። ስለዚህ ታካሚው ገና ጎንበስ ሲል ተረባርበው ያቆሙታል። ሰውየው ግን አልተነሳም፤ አነሱት እንጂ። አንጎሉ ከዚያ ምንም አይማርም።

የዚያን ቀን ታካሚያችን ወሰን ሰፈር ጋራዥ የነበራቸው አዛውንት ነበሩ። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ ምላሳቸውም ይከብዳል። ቀልዳቸው ግን አልተነካም።

«ሁልጊዜ... እየገፋችሁ ልታስነሱኝ ነው?» አሉን። «ሞተሩን እዩት እንጂ!»

ተማሪዬ እንደ እኔ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ከደቡብ የመጣች ልጅ ናት። «እጅሽን ሰብስቢ። ጉልበታቸው አጠገብ ሁኚ፤ ካልወደቁ በቀር አትንኪያቸው» አልኳት።

«ነውር አይሆንም፣ ሚስ?»

«ነውሩን ለእኔ ተይው።»

አዛውንቱ ጥርሳቸውን ነክሰው ከአልጋው ትንሽ ከፍ አሉና ተመልሰው ዘፍ አሉ። እንደገና ሞከሩ። ላብ በላብ ሆኑ። ይሄኔ ሴት ልጃቸው የአጥሚት ፔርሙዝ ይዛ ገባች።

«አባቴ ሲንገላታ ቆመሽ ታያለሽ? ቲያትር ነው? አባት የለሽም አንቺ?» ብላ ተማሪዬ ላይ ጮኸች።

«ተያት... እኔ...» አሉ አዛውንቱ። ቀሪው ቃል ቶሎ አልወጣላቸውም። እኔም «ያዘዝኳት እኔ ነኝ» ብዬ ነበር፤ ድምፄ ግን ከጉሮሮዬ አልራቀም። ልጅቱ አባቷን አቅፋ አስተኛቻቸውና በቀጥታ ወደ ክፍል ኃላፊያችን ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው አስጠሩኝ። «ያቺ ተማሪ ከነገ ጀምሮ አትምጣ። ልምምዷን ወድቃለች ብለሽ ጻፊ።»

ይህ ማለት ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም ማለት ነው።

«እኔ ነኝ ያዘዝኳት። የሠራችውም ትክክል ነው።»

«ትክክል መሆኑ መች ጠፋኝ? ሰው ፊት አያምርም። ቤተሰቡ ተቆጥቷል። አንቺ መምህር ነሽ፤ ተማሪ ግን ይመጣል፣ ይሄዳል።»

ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት እያፈርኩ ከሰፈሬ አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ። ኃላፊው እሺ እንደምል እርግጠኛ ነበሩ። እኔ ግን «አያምርም» ያሉት ከነከነኝ። በልጆቻቸው ፍቅር ተሸካሚ በዝቶላቸው አልጋ ላይ የቀሩ፣ የዛለ ክንዳቸውን የሚወዳቸው ሰው ስቦ ትከሻቸውን ያወለቀባቸው ስንቶችን አይቻለሁ። የእነሱስ ያምራል?

«አልጽፍም» አልኩ።

«ዛሬ ደግሞ አፍ አወጣሽ?»

«እርስዎ ይጻፉት። እኔ አልፈርምም።» በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

ማምሻውን ወደ ቤቴ፣ ወደ ካራ ስሄድ ለተማሪዬ ደወልኩላት። «ነገ ነይ።»

«ተከልክለሻል ተብዬ የለ እንዴ?»

«የማስተምርሽ እኔ ነኝ። ነይ።»

በማግስቱ ጠዋት ደመናው ከእንጦጦ ሳይነሳ ሆስፒታል ደረስኩ። የአዛውንቱ ልጅ አልጋቸው አጠገብ ወንበር ላይ አድራ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እህቴ፣ ትናንት አትንኪያቸው ያልኳት እኔ ነኝ። አባትሽ ሽንት ቤት ብቻቸውን መሄድ ነው የሚፈልጉት። አንቺ ስታወጫቸው ያፍራሉ።»

ወደ አባቷ ዞረች። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቷን... ነው።»

ልጅቱ ከወንበሯ ተነሳች። ከአልጋው ራቅ ብላ ቆመች።

ተማሪዎቹ ሲገቡ ኃላፊው ተከትለዋቸው መጡና ጣታቸውን ወደ ተማሪዬ ቀሰሩ። «ይቺ ምን ትሠራለች?»

«ተመድባለች» አልኩ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማኝ። «የሚባረር ካለ እኔ ልባረር። እስከዚያው ግን ታካሚው የእሷ ናቸው።»

ኃላፊው ቆመው እንዳይደክሙ ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም። ፊቴን ወደ ተማሪዬ መለስኩና «ጀምሪ» አልኳት።