ሞተህ ግደል

ትእዛዙ የደረሰን ቅዳሜ ጠዋት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። «ቫን ውስጥ ግቡ» አለ ኮች። ገባን። ቤልትዌይን፣ ዋሽንግተንን የሚዞረውን ቀለበት መንገድ፣ ይዘን ወደ አሌክሳንድሪያ ለውድድር ዘመትን። እናንተ ጁዶ ገና የምትጀምሩት፣ ግንባር ምን እንደሚመስል ከእኔ ስሙ። እዚያ ከእኔ የተሻለ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም እኔ አላየሁትም።

አባዬ በራሱ መኪና ተከተለን። በልጅነቱ በትግል የሚችለው አልነበረም፣ እሱ እንደሚለው። የሚያውቀው ሕግ አንድ ነው፤ ጀርባው መሬት የነካ አለቀለት። አዳራሹ በር ላይ ያዘኝ።

«ስማ፣ ዛሬ ጀርባህ መሬት ከነካ ጁዶ በቃ። ከሰኞ ጀምሮ ከእኔ ጋር ሥራ ትገባለህ።»

«እሺ አባዬ።» ምን ልበል?

ከሰዓት በኋላ ውጊያው ተጀመረ። የኛ ልጆች ተራ በተራ ወደቁ። ናሆም ክንዱን ይዞ ወጣ።

«እንዴት ነው?» አልኩት።

«ፍሪጅ ነው ባክህ፣ አይነቃነቅም።»

ፍሪጁ ኪሩቤል ይባላል፣ የአሌክሳንድሪያ ልጅ ነው። ተራው የእኔ ሆነ። ገፋኝ። ወደ ኋላ ሄድኩ። ደግሞ ገፋኝ። ማቱ፣ የምንታገልበት ፍራሽ፣ ሊያልቅብኝ ነው።

«ቤትህ ልሸኝህ?» አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ጃፓኖቹ ለዚህ አጣጣል የራሳቸው ስም አላቸው፤ እኛ «ሞተህ ግደል» እንለዋለን። ሰውዬውን ይዘህ በገዛ ጀርባህ ትወድቃለህ። አባዬን አየሁት። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ወደቅኩ። ኮሌታውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ እግሩ ሥር ገባሁ፣ እግሬን ሆዱ ላይ አድርጌ ተንከባለልኩ፣ ገፋሁት። ፍሪጁ በላዬ በረረ። ማቱ ጮኸ። ዳኛው እጁን ሰቀለ፤ ሙሉ ነጥብ ለእኔ።

ቀና ስል አባዬ የለም። ጀርባዬ ሲነካ አይቶ ወጥቷል። በባዶ እግሬ ፓርኪንግ ድረስ ሮጥኩ። ሞተር አስነስቷል።

«አባዬ፣ አሸነፍኩ እኮ።»

«መጀመሪያ መሬት የነካው ማነው?»

«እኔ።»

«ታዲያ?»

ኪሩቤል ወገቡን ይዞ በአጠገባችን ሲያልፍ ቆመ። «ጋሼ፣ ልጅዎ ጨረሰኝ።»

አባዬ እሱን አየ፣ እኔን አየ። «ወድቀህ ነው የጣልከው?»

«አዎ።»

«ይሄ ትግል አይደለም» አለ። ሞተሩን ግን አጠፋው።

ቫኑ ጋ የወደቁብንን ቆጠርን። ሁላችንም ወድቀናል፣ እኔም ጭምር። እኔ ግን ይዤ ነው የወደቅኩት።

ሰኞ ማት ላይ ነበርኩ። በጀርባዬ።